ክርክር፦ ለስኳር በሽታ ጨጓራ ይቆረጣል?

ታናሽ ወንድም፦
ወገኖች፣ አንድ ነገር አዋዩኝ። ታላቅ ወንድሜ ዓይነት 2 ስኳር ከተገኘበት አራት ዓመቱ ነው። ክኒን ይወስዳል፣ ኢንሱሊን አልጀመረም። ቁመቱ 1 ሜትር ከ75፣ ክብደቱ 115 ኪሎ። የሦስት ወር አማካይ ስኳሩ 8.9 በመቶ ላይ ተቸክሏል። ባለፈው ቀጠሮ ሐኪሙ «የጨጓራ ኦፕራሲዮን አስብበት» አለው። ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። እናታችን «ጤነኛ ጨጓራ ተቆርጦ ይጣላል እንዴ?» ትላለች። ጥያቄዬ ይሄ ነው፦ ሁሉ ተሞክሮ ሲያቅት የሚመጣ የመጨረሻ አማራጭ ነው? ወይስ ሳይመሽ መምጣት አለበት?

ቢላ ይቅር፦
የመጨረሻ ነው። አራት ነጥብ። እናትህ ልክ ናቸው። በብሪታንያ «ዳይሬክት» የሚባል ጥናት ነበር፣ የመጀመሪያው ውጤት እ.ኤ.አ. በ2017 ወጣ። ሰዎቹ ከሦስት እስከ አምስት ወር በቀን 850 ካሎሪ ገደማ በሾርባና በሼክ ብቻ ቆዩ። ከዚያ ቀስ እያሉ ወደ ምግብ ተመለሱ። በዓመቱ 46 በመቶ የሚሆኑት ያለ መድኃኒት ስኳራቸው ከበሽታው መስመር በታች ወረደ። አንድም ሰው አልተቀደደም። ሆዱን መግዛት ያቃተው ሁሉ ወደ ቢላ ከሮጠ የት ልንደርስ ነው? ደግሞ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።

ቁጥር ይናገር፦
ለጨጓራ እንደምትራራው ለጥናቱም ራራለት እንጂ፣ ግማሹን ቆርጠህ አታምጣ። በሁለተኛው ዓመት 46ቱ 36 ሆኗል። የተመረጡትም ስኳሩ ከታወቀባቸው ስድስት ዓመት ያልሞላቸው፣ ኢንሱሊን ያልጀመሩ ናቸው።

የክሊቭላንድ ክሊኒክ ሐኪሞች ደግሞ 150 ሰው ይዘው ጀምረው አምስት ዓመት ተከታተሉ። ግቡ የሦስት ወር አማካይ ስኳርን 6.0 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ማድረስ ነበር። በመድኃኒት ብቻ ከታከሙት ሰዎች 5 በመቶዎቹ ግቡ ላይ ደረሱ። ጨጓራቸው እንደ ቱቦ ከጠበበላቸው 23፣ ባይፓስ (ምግቡ የአንጀትን መጀመሪያ እንዲዘል የሚያደርግ ኦፕራሲዮን) ከተሠራላቸው 29 በመቶ።

ቢላ ይቅር፦
በሌላ አነጋገር 71 በመቶው ባይፓስ ተሠርቶለትም አልደረሰም። ቁጥርህ ለእኔም ይመሰክራል።

ቁጥር ይናገር፦
6.0 ከባድ ግብ ነው። እዚያ አልደረሱም ማለት አልተሻላቸውም ማለት አይደለም። ግን አንድ ነገር እሰጥሃለሁ፦ «ስኳርን ከሥሩ ይነቅላል» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ አትመኑ። በስዊድን ለረጅም ዓመታት በተካሄደው ጥናት፣ ስኳር ኖሮባቸው ከተቀደዱት ውስጥ በሁለት ዓመት 72 በመቶውን ስኳር ለቋቸው ነበር። በ15 ዓመት ወደ 30 ወርዷል። ይመለሳል።

ባለ ባይፓስ፦
ሆዱን መግዛት ያቃተው ያልከው እኔን ነው። ስድስት ዓመት ሆነኝ።

ኦፕራሲዮን በተደረግኩ በሦስተኛው ቀን ነርሷ ጣቴን ወጋችኝ። 112። ማሽኑን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ ሌላ ጣት ወጋች። 109። ከዚያ በፊት በቀን ሁለቴ ኢንሱሊን እየተወጋሁ ከ200 በታች አይቼ አላውቅም። ገና ሁለት ኪሎ እንኳ አልቀነስኩም! ሆዴን በሦስት ቀን መግዛት ተማርኩ ልትለኝ ነው?

መጥፎውንም ልንገራችሁ። አንድ ቀን ተሳስቼ አንድ ብርጭቆ ጣፋጭ ጁስ በአንድ ትንፋሽ ጠጣሁ። ልቤ ደረቴን ሊወጣ ደረሰ፣ ላቤ ተንቆረቆረ፣ መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ ተኝቼ ግማሽ ሰዓት ቆየሁ። በሁለተኛው ዓመት ደግሞ «ተሽሎኛል» ብዬ የቫይታሚንና የብረት ክኒኖቼን ተውኩ። ፀጉሬ በእጄ እየመጣ፣ ደረጃ መውጣት አቅቶኝ ስመረመር ብረቴ አልቋል። የቀደደኝ ክፍል ከሦስተኛው ወር ወዲህ ደውሎልኝ አያውቅም። ስኳሩም ትንሽ ተመልሶ አሁን አንድ ሜትፎርሚን እወስዳለሁ።

ከመቀደዴ በፊት 11 ዓመት ስኳር ነበረብኝ። በሦስተኛው ዓመት ማንም አልነገረኝም። የሚያበሳጨኝ እሱ ነው።

ቢላ ይቅር፦
ይቅርታ እህቴ። ቃሉን አንስቻለሁ። ሐሳቡን ግን አላነሳሁም።

ሲስተር ማታ፦
የቀዶ ሕክምና ክፍል የማታ ተረኛ ነኝ፤ እሷ ያየችውን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። በባይፓስ ትንሽ የጨጓራ ከረጢት ትቀራለች፣ ምግቡም የአንጀትን መጀመሪያ ዘሎ ቶሎ ታች ይደርሳል። ያኔ የታችኛው አንጀት ጂኤልፒ 1 የሚባል ሆርሞን በብዛት ይለቃል። ሆርሞኑ ቆሽትን «ኢንሱሊን አምጣ» ይላታል። ለዚህ ነው ስኳሩ ከኪሎው ቀድሞ የሚወርደው።

ግን ቆሽት የምትሰጠው ሊኖራት ይገባል። ስኳር በቆየ ቁጥር ኢንሱሊን የሚሠሩት ሴሎች ይደክማሉ። ስለዚህ «የመጨረሻ አማራጭ» ስንል በደንብ በሚሠራበት ሰዓት ከልክለን፣ በማይሠራበት ሰዓት እየፈቀድን ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በርካታ ዓለም አቀፍ የሕክምና ማኅበራት ያወጡት መመሪያ፣ የክብደትና የቁመት ምጣኔው ከ35 በላይ ሆኖ ስኳሩ በመድኃኒት አልገራም ላለ ሰው ኦፕራሲዮንን ይመክራል። ከ30 እስከ 35 ላለም ሊታሰብ ይችላል ይላል። የወንድምህ ምጣኔ 37 ተኩል ገደማ ነው።

በሌላ በኩል ስፌት ሊያፈስ ይችላል፣ ደም እግር ውስጥ ሊረጋ ይችላል። ሞትም አለ፣ ጥቂት ቢሆንም። ክትትል የማይሰጥ ቦታ ከሆነ እኔ ራሴ «አትግባ» እለዋለሁ።

መርፌ ተኪ፦
ሁሉም ሰው ስለ ሴማግሉታይድና ቲርዘፓታይድ ሲያወራ እናንተ ገና ቢላ ላይ ናችሁ? የዚያን ሆርሞን ሥራ የሚሠሩ መድኃኒቶች ናቸው፣ በሳምንት አንዴ በመርፌ ይሰጣሉ።

ቁጥር ይናገር፦
ጥሩ መድኃኒቶች ናቸው፣ አልክድም። ግን ስታቆመው አብዛኛው ኪሎ ይመለሳል። እስከ ዕድሜ ልክ የምትወጋ ከሆነ እሱም ውሳኔ ነው።

ቢላ ይቅር፦
መርፌ ቢያንስ ሲጎዳህ ታቆመዋለህ። እስቲ ጨጓራህን መልሰህ ስፋ። ወንድምየው መጀመሪያ የዳይሬክትን መንገድ ይሞክር፤ አራት ዓመቱ ነው፣ ኢንሱሊን የለም፣ ልክ እንደ እነዚያ ሰዎች። ካልሆነ ሲስተር ጋ ይምጣ።

ሲስተር ማታ፦
በዚህስ አልጣላህም። የጊዜ ገደብ ይኑረው ብቻ። ስድስት ወር ሞክሮ ካልሆነ ስድስት ዓመት አይጠብቅ። ለመሆኑ ወንድምህ ራሱ ምን አለ?

ታናሽ ወንድም፦
እውነቱን ልናገር፣ አልጠየቅነውም። ስንጨቃጨቅ ነው የከረምነው። አሁን ደውዬ ይህን ሁሉ አነበብኩለት። ዝም ብሎ ሰምቶ «ክኒኑ በቀን ስንት ነው?» አለኝ።

ባለ ባይፓስ፦
የእኔ አራት። ብረቱንና ካልሲየሙን አብሮ እንዳይውጣቸው በለው፣ ሁለት ሰዓት ያራርቃቸው።