ለ74 ዓመት እናቴ ተጨማሪ የኮቪድ ክትባት ይጠቅማታል?

የማራኪው፦
ሰላም ናችሁ። እናቴ 74 ዓመቷ ነው፣ ስኳርና ደም ግፊት አለባት። የኮቪድ ክትባት ሦስት ጊዜ ወስዳለች፣ የመጨረሻው ግን ቆየ። እስራኤል ያለችው አክስቴ በደወለች ቁጥር «እኛ አራተኛውንም ተወጋን፣ አንቺ ምን ትጠብቂያለሽ?» ትላታለች። እናቴ ዞራ እኔን ትጠይቀኛለች። እኔ የሒሳብ መምህር ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁ! የሚያውቅ ያስረዳኝ።

አዘዞ ነኝ፦
ኮቪድ እኮ ድሮ አለፈ። አባቴ 80 አልፎታል፣ አንድም አልተከተበም፣ ለጥምቀት ፋሲለደስ ድረስ በእግሩ ነው የሚወርደው።

ነርሷ፦
አባትህን ዕድሜ ይስጥልህ። ግን የሞቱት እዚህ መጥተው አይጽፉም፣ ስለዚህ በሳቸው ብቻ አንፈርድም።
መምህር፣ አክስትህ ከመሬት ተነስተው አይደለም። እስራኤል ከ60 ዓመት በላይ ላሉት አራተኛውን መስጠት የጀመረችው በ2014 ዓ.ም. የገና ሰሞን ነው። ከዚያ ከ1.2 ሚሊዮን በላይ ሰው መዝገብ ሲታይ፣ አራተኛውን ከተወጉ በኋላ በአራተኛው ሳምንት ጽኑ ሕመም ሦስት ብቻ ከወሰዱት በ3.5 እጥፍ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። በቫይረሱ ላለመያዝ የሰጠው ጥቅም ግን በ8 ሳምንት ገደማ አለቀ ማለት ይቻላል።

የማራኪው፦
3.5 እጥፍ ከስንት ላይ?

ነርሷ፦
ይሄ ነው ጥያቄ! ሦስት ከወሰዱት 100,000 ሰው በቀን 3.9 ሰው በጽኑ ሲታመም፣ አራት ከወሰዱት 1.5 ነበር፣ ያውም ኦሚክሮን የተባለው የቫይረሱ ዝርያ እንደ እሳት በሚነድበት ወቅት። ሁለቱን ብታካፍል 3.5 አይመጣልህም፤ እነዚህ የጥናቱ ጊዜ ሙሉ ጥሬ ቁጥሮች ናቸው፣ 3.5 ግን በስሌት ተስተካክሎ የወጣ የአራተኛው ሳምንት ብቻ ነው። ወረርሽኙ ሲበርድ እጥፉ ባይቀየር እንኳ በክትባቱ ከጽኑ ሕመም የሚድነው ሰው ቁጥር ያንሳል። ደግሞ ጥናቱ በዕጣ ለይቶ የሰጠ አይደለም፣ ፈልጎ የተከተበውን ካልተከተበው ጋር ያነጻጸረ ነው፤ ለክትባት ተነስቶ የሚሄድ ሽማግሌ ድሮውንም ጠንከር ያለና ለጤናው የሚጠነቀቅ ሊሆን ይችላል፣ ተመራማሪዎቹ ይህን በስሌት ለማስተካከል ቢሞክሩም ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ጽኑ ሕመሙንም የተከታተሉት 6 ሳምንት ያህል ብቻ ነው።
ለእናትህ ግን ሚዛኑ ወደ መውሰዱ ያደላል እላለሁ። ዕድሜም ስኳርም አለባቸው። የዓለም ጤና ድርጅትም በመጋቢት 2015 ዓ.ም. ምክሩን ሲያሻሽል ጤነኛ ወጣቶችን ትቶ፣ ለአረጋውያንና ተጓዳኝ ሕመም ላለባቸው ነው ከመጨረሻው ዶዝ 6 ወይም 12 ወር በኋላ ድገሙ ያለው። ክንድ ማመም፣ ድካም፣ ትንሽ ትኩሳት ይኖራል፣ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሁለት ቀን ይለቃል። ብቻ ስኳራቸው ሳይስተካከል ክትባት ፍለጋ መሯሯጥ የተገላቢጦሽ ነው።

የማራኪው፦
እግዜር ይስጥልኝ እህታለም። ለስኳሯ ቀጠሮ አላት፣ እዚያው ሐኪሟን አማክራለሁ። አክስቴ ስትደውል ደግሞ 3.9ኟን እነግራታለሁ።

አዘዞ ነኝ፦
አባቴን ጠየቅሁት። ለካ ክትባቱን ሳይሆን መርፌውን ነው የሚፈራው።