ፋይዳ ወደ እድራችን አዳራሽ ይምጣ፦ ለወረዳው የምናስገባው ደብዳቤ

ጸሐፊ፦ እንደምን አላችሁ። ደብዳቤውን ዛሬ መልክ እናስይዘው። የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ መዝጋቢዎች ለሁለት ቅዳሜ አዳራሻችን ድረስ ይምጡልን ነው ጥያቄያችን። ከሽማግሌዎቻችን ብዙዎቹ አልተመዘገቡም። ምክንያቱን «የግንዛቤ እጥረት» ብዬ ጽፌዋለሁ። የጎደለውን ጨምሩበት።

ገንዘብ ያዥ፦ ባለፈው እሁድ መዋጮ ስሰበስብ አንዲት እናት መጡ። ስልካቸውን ከነጠላቸው ጫፍ ፈተው «በቴሌብር አንቺው ክፈይልኝ፣ የሚስጥር ቁጥሩ ይኸውልሽ» አሉኝ። ቁጥሩን ለማንም እንዳይነግሩ ለምኜ፣ አጠገባቸው ቆሜ ራሳቸው እንዲከፍሉ አደረግሁ። መልእክቱም ገባ። ደብተራቸው ላይ ካልፈረምኩ ግን ንቅንቅ አላሉም። ነገ አንድ ነገር ቢበላሽ የማንን በር እንደሚያንኳኩ ያውቃሉ፤ የኔን።

የእድሩ ዳኛ፦ እውነትሽን ነው ልጄ። እኔ የተመዘገብኩ ዕለት የአሥሩንም ጣቴን አሻራ፣ የዓይኔን ብሌን፣ ፊቴን ወሰዱ። አናጢ ነበርኩ፣ ጣቴ ሻክሮ ሦስት ጊዜ አልነበብ አለ። ለምን እንደሚወስዱት ብጠይቅ «ሲስተሙ ነው» አሉኝ። እዚያ ላይ ነው ቅር ያለኝ።

የወጣቶች ተወካይ፦ ጋሼ፣ ሊነግሩዎት ይገባ ነበር። አንድ ሰው ሁለት ጊዜ እንዳይመዘገብ ለመለየት ነው። መጨረሻ ላይ የሚሰጠው ባለ 12 አኃዝ ቁጥር ነው። የዲጂታል መታወቂያው አዋጅ 1284/2015 ነው። የግል መረጃ ጥበቃው አዋጅ 1321/2016 ደግሞ «የያዛችሁትን አሳዩኝ፣ የተሳሳተውን አርሙልኝ» የማለት መብት ይሰጣል። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ይህንን በቃል የሚያስረዳ ሰው አብሮ ይላክልን እንበል።

ገንዘብ ያዥ፦ በቃል ያልከው ጥሩ ነው፣ ብዙዎቹ አያነቡም። ቀኑን ጡሩንባ ነፊያችን ቤት ለቤት ይንገር። ጡሩንባውን ግን አይንፋ፤ ሰው ለቅሶ መስሎት ይደነግጣል።

የእድሩ ዳኛ፦ «የግንዛቤ እጥረት» የሚለው ይውጣልኝ። እኛ ለአንድ ማኅተም ስንት ቀን «ነገ ተመለሱ» ስንባል የኖርን ሰዎች ነን። ብንጠራጠር ካየነው ተነስተን ነው።

ጸሐፊ፦ ይቅርታ ጋሼ፣ ሰርዤዋለሁ። አሁን እንዲህ ይላል፦ «አባሎቻችን አሻራቸው ለምን እንደሚወሰድ እንዲነገራቸው፣ ስህተት ቢፈጠር የሚያነጋግሩት ሰው ስምና ስልክ በአዳራሹ በር ላይ እንዲለጠፍ እንጠይቃለን።» የጣት መሻከሩንም አስገብቻለሁ፤ ለእንዲህ ያሉት ጊዜ ወስደው ይመዝግቡልን። ነገ ማታ ማኅተም ይዤ እርስዎ ቤት እመጣለሁ።