አስቸኳይ! መምህሩ ስላይዴን አፈረሰብኝ

የፒያሳዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ነገ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ነው የማቀርበው፣ ድረሱልኝ። ርዕሴ «እንግሊዝ ቅኝ ግዛቶቿን በሰላም ለቀቀች፣ ፈረንሳይ ግን በጦርነት» ነው። ጋናንና አልጄሪያን አወዳድሬ ጨርሼ ነበር። አሁን መምህሩ በቀይ «ኬንያስ? ሴኔጋልስ?» ብሎ መለሰልኝ። ምን ላድርግ?

ሳሪስ፦ እኛ መቼ ተገዛንና ነው የምንጠየቀው? ለኬንያዎች ላኪላቸው።

ናርዶስ፦ ርዕሱን ቀይሪው።

ጋሽ ታሪኩ፦ ልጄ፣ ከሥሩ ካልጀመርሽ አይገባሽም። አውሮፓውያን አፍሪካን ለመቀራመት በ1884 በርሊን ላይ ሲሰበሰቡ አንድም አፍሪካዊ አልጠሩም። አልጄሪያ ግን ከዚያም በፊት፣ በ1830 ነው የተወረረችው። በ1848 ጭራሽ የፈረንሳይ አካል ናት ተባለ። ለፓሪስ እሷን መልቀቅ የገዛ አገሯን መቁረጥ ነበር። የዛሬ ልጆች ይህን አታነቡም።

የፒያሳዋ፦ ጋሼ አመሰግናለሁ፣ ግን በርሊን ስላይድ 1 ላይ አለ። የተበላሸው ርዕሱ ነው።

ዳኒ፦ እህቴ፣ ጋናም ቢሆን «በሰላም» አይባልም። ፌብሩዋሪ 1948 በዋና ከተማዋ አክራ ላይ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱ ወታደሮች የተገባልን ቃል ይከበር ብለው ወደ ገዥው መቀመጫ ሄዱ። ፖሊስ ተኩሶ 3ቱን ገደለ፣ ከተማዋ ታመሰች። የነፃነት ትግሉ መሪ ንክሩማህም የ1951ን ምርጫ ያሸነፈው እስር ቤት ሆኖ ነው።

የፒያሳዋ፦ እሺ፣ ግን ጦርነት አልነበረም እኮ!

ትርሲት፦ ገዥው ማን ነበር የሚለውን ተይውና መሬቱን ማን ያዘው ብለሽ ጠይቂ። ጋና ውስጥ ካካዎ የሚያመርተው የአገሬው ገበሬ ነበር፣ ነጭ ሰፋሪ የለም ማለት ይቻላል። ኬንያ ውስጥ ግን ለም የሆነውን ደጋ ነጮች ያዙት፣ ከአገሬው የኪኩዩ ብሔረሰብ ብዙ ሰው በነጮች እርሻ ላይ ጭሰኛ ሆነ። ማውማው የተባለው የትጥቅ አመፅ የመጣው ከዚያ ነው። እንግሊዝ በ1952 የአስቸኳይ ጊዜ አወጀች። የአመፁን መሪ ዴዳን ኪማቲን የሰቀለችው ፌብሩዋሪ 18 ቀን 1957 ነው። ጋና ነፃ የወጣችው ማርች 6 ቀን፣ በዚያው ዓመት! ገዥው ያው እንግሊዝ ነው። አልጄሪያ ደግሞ ወደ 1 ሚሊዮን አውሮፓዊ ነበረባት፣ ከ1954 እስከ 1962 ተዋጋች። ሴኔጋልም የፈረንሳይ ነበረች፣ ግን ይህ ሁሉ ሰፋሪ አልነበረባትም፣ በ1960 በድርድር ወጣች።

ሳሪስ፦ ጭሰኛ ካልሽማ እኛም አለንበት።

ናርዶስ፦ እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው፣ ርዕሱን ቀይሪው።

ዳኒ፦ ትርሲት፣ ጊኒ ቢሳውስ? ሰፋሪ እምብዛም አልነበራትም፣ ግን ከ1963 ጀምሮ ከፖርቱጋል ጋር ስትዋጋ ኖረች።

ትርሲት፦ ልክ ነህ፣ መሬት ብቻውን አይበቃም። ሊዝበን ያኔ አምባገነን መንግሥት ነበራት። የራሱን ሕዝብ በነፃነት ያላስመረጠ ለአፍሪካ ምርጫ ይሰጣል? ጊኒ ቢሳው ከፖርቱጋል እውቅና ያገኘችው ያ መንግሥት በ1974 ከተገለበጠ በኋላ ነው። የፒያሳዋ፣ ይህን የመጨረሻ ስላይድ አድርጊው። መምህሩ መጠየቁ አይቀርም።

ጋሽ ታሪኩ፦ የፈረንሳይ ቅኝ የነበረችውን የሴኩ ቱሬን ጊኒም አትርሺ፣ ከጊኒ ቢሳው ሌላ ናት። በ1958 ሕዝበ ውሳኔ «አይሆንም» ብላ ያለ ጦርነት ወጣች። ፈረንሳዮቹ ግን ስልክ ሳይቀር ነቅለው ሄዱ።

ናርዶስ፦ ዓመቶቹ ላይ እ.ኤ.አ. ብለሽ ጻፊ። አለዚያ 1957 ሲባል ክፍሉ ግማሹ በእኛ አቆጣጠር ነው የሚያስበው።

ሳሪስ፦ ልጅቷ ጠፋች። ስላይድ ላይ ናት ወይስ እንቅልፍ ላይ?

ጋሽ ታሪኩ፦ ልጄ፣ ከማቅረብሽ በፊት ላኪልኝ፣ የፊደል ግድፈቱን ላይልሽ። እስከ 5 ሰዓት አልተኛም።