58 ድምፅ በ42 እንዴት ይሸነፋል? የኢራን የኑክሌር ስምምነትና የኮንግረስ ሥልጣን

የማርቆሱ መምህር
ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የዜግነት ትምህርት አስተምራለሁ። ባለፈው ሳምንት ሕግ አውጪው አስፈጻሚውን እንዴት እንደሚቆጣጠር ሳስረዳ የአሜሪካንን ነገር አነሣሁ። እ.ኤ.አ. በሜይ 2015 ኮንግረስ ከኢራን ጋር የሚደረገውን የኑክሌር ስምምነት ራሱ የሚመረምርበትን ሕግ አወጣ። የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት (ሴኔቱ) 98 ለ1፣ የተወካዮች ምክር ቤት 400 ለ25 ደገፉት፤ ፕሬዚዳንት ኦባማም ፈረሙበት። በጁላይ 14 ኢራን የኑክሌር ሥራዋን እንድትገድብ፣ በምላሹም ማዕቀብ እንዲነሣላት ስምምነቱ ቪየና ላይ ተደረሰ። በሴፕቴምበር ተቃዋሚዎቹ በሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ሊሽሩት ሲነሡ የተገኘውን ድምፅ ሰሌዳው ላይ ጻፍሁት፦ 58 ለ42።

መስኮቱ ሥር የምትቀመጥ ተማሪ እጇን አወጣች። «መምህር፣ የተቃወሙት 58 ከሆኑ እንዴት ተሸነፉ?» ክርክሩን ዘግቶ ወደ ውሳኔ ለመሄድ 60 ድምፅ እንደሚያስፈልግ ነገርኋት። «ታዲያ 98 ሆነው ያወጡት ሕግ ምን ሠራ?» አለች። ክፍሉ በሙሉ እኔን ማየት ጀመረ።

ሕጉ ፕሬዚዳንቱን ገደበ ወይስ መንገድ ጠረገለት? ሰኞ የሚያረካ መልስ ይዤላት መግባት እፈልጋለሁ።

ጠበቃው ከባሕር ዳር
መምህር፣ ልጅቱ የነገሩን ሥር ይዛለች። በአሜሪካ ሕገ መንግሥት አንድ ዓለም አቀፍ ውል እንዲጸና የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ሁለት ሦስተኛ ድጋፍ ያስፈልገዋል። የኢራኑ ስምምነት ግን እንደ ውል አልቀረበም። የ2015ቱ ሕግ ደግሞ ሸክሙን ገለበጠው። 60ው ድምፅ ተገኝቶ ተቃውሞው ቢያልፍ እንኳ ፕሬዚዳንቱ ቬቶ ያደርጉታል፣ ማለትም አልፈርምም ብለው ይመልሱታል፤ ቬቶውን ለመሻር በሁለቱም ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛ ይፈለጋል። ስለዚህ ብዙ ድምፅ የማግኘት ግዴታው ከደጋፊዎች ትከሻ ወርዶ በተቃዋሚዎች ላይ ተጫነ። የእድራችን ዳኛ ከካዝና ያወጣው ገንዘብ ከአባላቱ ሁለት ሦስተኛው ካልተቃወመው ይጸናል የሚል ደንብ ቢመጣ ማናችን እንፈርማለን?

ኮንግረስ ቬቶውን የሚዘልበት መንገድም አልነበረውም። የፕሬዚዳንቱ ፊርማ ሳይጠየቅ በምክር ቤት ውሳኔ ብቻ የአስፈጻሚውን ተግባር መሻር እንደማይቻል ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1983 ቻዳ በተባለ ሰው መዝገብ ወስኗል።

ሆኖም ሕጉ ከንቱ ነው አልልም። ስምምነቱ ከነአባሪዎቹ በ5 ቀን ውስጥ ለኮንግረስ እንዲቀርብ አስገድዷል። ምርመራው በመደበኛው 30 ቀን ነው፤ ያን ጊዜ በበጋው ወራት ስለቀረበ 60 ቀን ሆነ። እስከዚያ ድረስ ፕሬዚዳንቱ ኮንግረስ በሕግ የጣለውን ማዕቀብ ማንሳት አይችሉም። ከዚያም ኢራን ቃሏን መጠበቋን በየ90 ቀኑ ማረጋገጥ ነበረባቸው። ትራምፕ በኦክቶበር 2017 አላረጋግጥም ሲሉ ኮንግረስ በ60 ቀን ውስጥ ማዕቀቡን በተፋጠነ ሥርዓት የመመለስ ዕድል ነበረው። ዝም አለ። በሜይ 2018 ፕሬዚዳንቱ ብቻቸውን ከስምምነቱ ወጡ። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ዝምታ ነው።

ነጋዴ ዘቡሬ
እኔ የሕግ ሰው አይደለሁም፤ ማዕቀብን ግን በቤታችን አውቀዋለሁ። የአክስቴ ልጅ ከልብስ ፋብሪካ ሥራዋ የተቀነሰችው ከአጎዋ ከወጣን በኋላ ነው። አጎዋ የአፍሪካ ዕቃ ያለ ቀረጥ አሜሪካ እንዲገባ የሚፈቅድ የኮንግረስ ሕግ ነው፤ ኢትዮጵያ ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ እንድትወጣ የወሰኑት ግን ፕሬዚዳንት ባይደን ናቸው። በሴፕቴምበር 2021 በሰሜኑ ጦርነት ሰበብ የማዕቀብ ትእዛዝ ሲፈርሙም ኮንግረስ አዲስ ድምፅ አልሰጠም፤ በ1977 የወጣው ሕግ በቂ ሥልጣን ሰጥቷቸው ነበር።

ለተማሪዋ ይህን ልዩነት ይንገሯት። ፕሬዚዳንቱ በትእዛዝ የጣሉትን ራሳቸው ያነሡታል። ኮንግረስ በሕግ የጣለውን ግን ሕጉ በፈቀደላቸው ልክ ለተወሰነ ጊዜ ያግዱታል እንጂ አይሽሩትም። የኢራን ነጋዴ በ2016 ማዕቀቡ ቀለለ ሲባል አምኖ ዕቃ ቢያዝ፣ በ2018 አንድ ፊርማ ሁሉንም መለሰበት።

የማርቆሱ መምህር
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሰኞ የራሳችንን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 12 አብሬ አነብላቸዋለሁ። አስፈጻሚው የሚፈርማቸውን ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የሚያጸድቀው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው ይላል። የእኛም መንግሥት የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ለመገንባት ከሩሲያው የኑክሌር ድርጅት ሮሳቶም ጋር እየተነጋገረ ነውና ልጆቹ ይህን አንቀጽ ከአሁኑ ቢያውቁት እወዳለሁ። ግን ጠበቃ፣ 60ው ቀን በእርግጥ የኮንግረስ ነበር ማለት ይቻላል?

ጠበቃው ከባሕር ዳር
በከፊል ብቻ። የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ስምምነቱን የደገፈበትን ውሳኔ 2231 ያጸደቀው በጁላይ 20 ነው፤ ቪየና ላይ ከተደረሰ በ6ኛው ቀን፣ የኮንግረስ ምርመራ ገና ሲጀመር። ስምምነቱ ሥራ ላይ የሚውለው ከ90 ቀን በኋላ ነው ተብሎ ለኮንግረስ ጊዜ ተተወለት፤ የአሜሪካ ድምፅ ግን ኒውዮርክ ላይ አስቀድሞ ተሰጥቶ ነበር።