የጣት አንጓ የተጎዳ ሰው ድሬ ወይስ ሐረር የት ይታይ? ጥቆማ ስጡኝ

ሰላም የድሬ ልጆች፣ ወንድሜ በረኛ ነው፣ ኳስ ሲያድን የቀለበት ጣቱን ተመታ፣ ይኸው 5 ቀኑ፣ እብጠቱም አልወረደ በደንብም አይታጠፍለት። ወጌሻ ልውሰደው ወይስ ሆስፒታል?

— አቦ እህቴ በእናትሽ እንዳይታሽ! የደረሰብኝን ልንገርሽ። አምና ቮሊቦል ስንጫወት ትንሿ ጣቴ መሃለኛው አንጓ ላይ ወለቀች፣ አንድ ክሊኒክ ራጅ ከፊት ብቻ አነሱኝና ወለምታ ነው አሉኝ፣ ከዛ ወጌሻ አሽቶ ጥብቅ አርጎ አሰረኝ፣ ወር ሙሉ እንደዛ ተቀመጥኩ፣ ለካ አጥንቱ መጋጠሚያው ላይ ተሰብሮ ሸሽቷል። ቶሎ ቢታይ በቀጭን ሽቦ ተይዞ ያልቅ የነበረው ስለቆየ ተከፍቶ ተሰራ፣ እስከዛሬ ሙሉ አትጨበጥም።

ስለዚህ ዛሬውኑ ራጅ። ለራጅ የግል ክሊኒክ ይፈጥናል፣ ግን "ጣቱን ለብቻው በጎን አንሱልኝ" በይ፣ ከፊት ብቻ ከተነሳ ውልቃቱ ሊያመልጥ ይችላል። ለሐኪም ድሬ ድል ጮራ ሆስፒታል ሂዱ፣ ጤና መድህን ካላችሁ ከጤና ጣቢያ ሪፈር አጽፉ። ኦፕራሲዮን ከተባለ እኔ ሐረር ህይወት ፋና ሆስፒታልን እመርጣለሁ፣ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ነው፣ መንገዱም 55 ኪሎሜትር ገደማ ስለሆነ በጠዋት ሚኒባስ መያዝ ነው። አዲስ አበባ ራሱ ሐኪሙ ካልጻፈልሽ አትድከሚ።

አንድ ነገር አሁኑኑ እዪለት፣ መሃለኛውን አንጓ ቀጥ አርገሽ ያዢና ጫፉን ብቻ እንዲያጥፍ ንገሪው። ጭራሽ ካቃተው ጅማቱ ተበጥሶ ሊሆን ይችላል፣ የቀለበት ጣት ላይ ይበዛል፣ እሱ ደግሞ በ7 እስከ 10 ቀን ውስጥ ቢሰፋ ነው የሚሻለው፣ የእናንተ 5 ቀን ሄዷል።

— እኔ የምጨምረው፣ ሁሉም ኦፕራሲዮን አያስፈልገውም። ጫፉ ወደታች ተንጠልጥሎ ቀና አልል ካለ ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ስፕሊንት (ጣቱን ቀጥ አርጎ የሚይዝ ድጋፍ) ይበቃዋል፣ ግን አንዴ ከታጠፈ ቆጠራው ከዜሮ ነው የሚጀምረው፣ ለማጠብ ሲፈታ ራሱ ጣቱ ጠረጴዛ ላይ ቀጥ ብሎ ይደገፍ። ፋርማሲ ያለው ስፖንጅ የተለጠፈበት ብረት ለመጀመሪያ ቀናት ጥሩ ነው፣ ለረጅም ጊዜ ግን በጣቱ ልክ የሚሰራው ፕላስቲክ ይሻላል፣ ፊዚዮቴራፒ ክፍል ጠይቂ። ከጎረቤት ጣት ጋር በፕላስተር ማሰር ሐኪም ካየው በኋላ ነው፣ መሃሉ ጎዝ ይግባ፣ በድሬ ሙቀት ላብ ቆዳውን ይልጠዋል።

— እግዜር ይስጥልኝ፣ ሞከርኩት፣ ጫፉ አይታጠፍም 😢 አሁን ልንወጣ ነው

— ቀለበት ካለው አሁኑኑ አውልቂለት፣ ዛሬውኑ ኦፕራሲዮን ሊሰራለት ስለሚችል ምንም እንዳይበላ እንዳይጠጣ፣ የራጁን ፊልም ራሱን ተቀበዪና ያዢ። ከኦፕራሲዮን በኋላ ፊዚዮቴራፒውን እንዳታስቀሩት፣ አንጓ ቶሎ ነው የሚደርቀው። ምን እንዳሉሽ ጻፊልን።