ስኳር ላለበት ሰው የትኛው ፋስት ፉድ ይሻላል? ጥቆማ

ስኳር እንዳለባችሁ ከታወቀ ጀምሮ የምትሰሙት ምክር አንድ ነው፦ ፋስት ፉድ እርም በሉ። ምክሩ ክፋት የለውም። ግን ቀኑን መንገድ ላይ የሚውል፣ የማታ ፈረቃ የሚሠራ፣ ልጆቹን ይዞ የወጣ ወይም ጓደኞቹ ፒዛ ያዘዙበት ሰው እርም ብሎ አይዘልቀውም። ስለዚህ እዚህ «አትብሉ» አልልም። በርገሩን፣ ዶሮውን፣ ፒዛውን፣ መጠጡንና መለኪያውን እያነጻጸርኩ የቱን ብታዙ እንደሚሻል እነግራችኋለሁ። የመድኃኒታችሁን መጠን ግን ከሐኪማችሁ ጋር እንጂ ከእኔ ጽሑፍ አትወስኑ።

ከመጠጡ ልጀምር፤ ትልቁ ጉዳት ያለው እዚያ ነው። አንድ 330 ሚሊ ሊትር ቆርቆሮ ኮካ ኮላ ውስጥ 35 ግራም ስኳር አለ። ወደ 9 የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። ግማሽ ሊትሩ ደግሞ 53 ግራም ይደርሳል። ፈሳሽ ስለሆነ ሆድ ውስጥ የሚያቆየው ነገር የለም፣ በደቂቃዎች ውስጥ ደም ውስጥ ይገባል። ብዙ ሰው የበርገሩን ዳቦ ፈርቶ ገሸሽ ያደርግና ለስላሳውን እስከ መጨረሻው ይጠጣል። ከሁለቱ አንዱን ብቻ ተዉ ብባል ለስላሳውን ነው የማስተወው። ያለ ማመንታት።

ምትኩ ውሃ ነው። ውሃ የማያረካው ሰው ዜሮ ወይም ዳይት የተባለውን ይውሰድ፤ ስኳር የለውም፣ የደም ስኳርን በቀጥታ ከፍ አያደርግም። እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ከማሽን የሚቀዳ ከሆነ የመደበኛውና የዜሮው ቁልፎች ጎን ለጎን ናቸው፣ ቀጂው በሰልፍ ተወጥሯል፣ ብርጭቆው ላይ ደግሞ ሁለቱም አንድ ዓይነት ጥቁር ናቸው። ስለዚህ የታሸገ ቆርቆሮ ወይም ጠርሙስ ጠይቁ፣ ጽሑፉን አንብባችሁ ራሳችሁ ክፈቱ። ኢንሱሊን የምትወጉ ከሆነ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

«ጁስ ይሻላል፣ ተፈጥሯዊ ነው» የሚል አይጠፋም። አንድ ብርጭቆ፣ ማለትም 250 ሚሊ ሊትር የብርቱካን ጭማቂ ከ20 ግራም በላይ ስኳር አለው፤ ከፍሬው ፋይበር አብዛኛው ደግሞ ሲጨመቅ ቀርቷል። ለደም ስኳር ለስላሳም ጁስም ያው ናቸው። ሚልክሼክ ከሁሉም ይብሳል፤ መካከለኛው ብቻ ብዙ ጊዜ ከ60 ግራም ካርቦሃይድሬት ያልፋል። ስኳር የሌለው ሻይና ቡና ግን ችግር የለባቸውም።

ወደ ምግቡ ስንመጣ መጀመሪያ የምታዩት ካርቦሃይድሬቱን ነው። ብዙዎቹ ትልልቅ ሰንሰለት ምግብ ቤቶች የእያንዳንዱን ምግብ ይዘት በድረ ገጻቸው ወይም በመተግበሪያቸው ያወጣሉ። ከመውጣታችሁ በፊት አንዴ እዩት። ታዲያ «ስኳር» የሚለውን መስመር ብቻ አይታችሁ እንዳትዘናጉ። የድንች ጥብስ ስኳር ተብሎ የሚጻፍለት ከዜሮ እምብዛም አይርቅም፤ ስታርቹ ግን ሆድ ውስጥ ገብቶ ግሉኮስ ይሆናል። መታየት ያለበት «ጠቅላላ ካርቦሃይድሬት» የሚለው ነው። ዝርዝር የማያወጣ ትንሽ ቤት ከገባችሁ ተመሳሳዩን ምግብ ከትልቁ ቤት ሰንጠረዥ ላይ አይታችሁ በግምት ያዙ፤ ግምትም ከምንም ይሻላል።

በርገር ስሙ እንደሚጠፋው አይደለም። ተራው የበርገር ዳቦ ከ25 እስከ 30 ግራም ገደማ ካርቦሃይድሬት አለው። ሥጋው ምንም የለውም ማለት ይቻላል፤ አይቡና ሰላጣውም እንደዚያው። የላይኛውን ዳቦ ብታነሱት ግማሹ ቀነሰ። ሦስት ዳቦ ያለው ድርብ በርገር ግን ከ40 ግራም ያልፋል። አሁን ድንቹን እዩ። ትንሹ የድንች ጥብስ ወደ 30 ግራም፣ መካከለኛው ወደ 45 ግራም አካባቢ ነው። ማለትም ሁሉም ሰው የሚያወግዘው ዳቦ፣ ማንም ልብ ሳይለው እየቆነጠረ ከሚጨርሰው ድንች ያንሳል። ለዚህ ነው እኔ «ኮምቦ» የሚባለውን የማልመክረው። በርገር፣ መካከለኛ ድንችና ለስላሳ በአንድ ላይ 100 ግራም በቀላሉ ያልፋሉ። ያንኑ በርገር ለብቻው ከሰላጣና ከውሃ ጋር ብታዙት ወደ 30 ትወርዳላችሁ። ድንች ካልበላሁ አልበላሁም የሚል ሰው ትንሹን አዝዞ ከጓደኛው ጋር ይካፈል።

ዶሮ ላይ ልዩነቱ አሠራሩ ነው። ዱቄት ሳይነካው የተጠበሰ፣ ግሪል የሚባለው፣ ካርቦሃይድሬቱ እዚህ ግባ አይባልም። ከፋስት ፉድ ሁሉ አንደኛ የማደርገው እሱን ነው። በዱቄት ተለውሶ ዘይት ውስጥ የገባው እንደ ልባሱ ውፍረት ይለያያል፤ ስድስት ፍሬ ናጌት 15 ግራም ገደማ ይሆናል። ይሄም ያን ያህል አያስፈራም፣ የሚያስፈራው አብሮት የሚመጣው ሶስ ነው። ባርቤኪው ወይም ጣፋጭና ኮምጣጣ የተባለው አንድ ትንሽ ዕቃ ብቻ 10 ግራም አካባቢ ይጨምራል፣ አብዛኛው ስኳር ነው። ማርና ሰናፍጩም ያው ነው። ካቻፕ በአንድ ፓኬት ከ2 እስከ 3 ግራም ስለሆነ አንድ ሁለቱ አይጎዳም፤ አምስት ስትከፍቱ ግን ቁጠሩት። ማዮኔዝ ስኳሩ ትንሽ ነው፣ ቅባቱ ግን ብዙ።

ሁለት ነገሮች ደግሞ ቀለል ያሉ መስለው ያታልላሉ። አንዱ ራፕ ነው። ቀጭን ስለሚመስል ከዳቦ ያነሰ ይመስለናል፤ ትልቁ የስንዴ ቂጣ ግን ብቻውን ከ35 ግራም ሊያልፍ ይችላል፣ ከበርገር ዳቦ በላይ። ሌላው ሰላጣ ነው። ሰላጣ ብላችሁ አዝዛችሁ በዱቄት የተጠበሰ ዶሮ፣ የደረቀ ዳቦ ቁርጥራጭና ጣፋጭ ሶስ ከተደረገበት ሰላጣነቱ በስሙ ቀረ። ሶሱን ለብቻ አምጡልኝ በሉ። በተከተፈ ጥቅል ጎመን የሚሠራው ኮልስሎም ብዙ ቦታ ስኳር ይጨመርበታል።

ፒዛን ለብቻው ያስቀመጥኩት ጠባዩ ስለሚለይ ነው። አንድ ቁራጭ ወፍራም ፒዛ ከ30 እስከ 35 ግራም አካባቢ ነው፣ ስሱ ያንሳል። ችግሩ ከቁጥሩ ይልቅ ሰዓቱ ነው። አይቡና ዘይቱ ጨጓራ ቶሎ ባዶ እንዳይሆን ያዘገያሉ፣ ቅባት ሲበዛም ኢንሱሊን እንደ ልቡ አይሠራም። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ፒዛ በላችሁ እንበል። አምስት ሰዓት ላይ ስትለኩ 150 (ሚሊግራም በዴሲሊትር) ያሳያል፣ «ጎበዝ ነኝ» ብላችሁ ትተኛላችሁ። ከሌሊቱ ስምንት ወይም ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግን፣ ማንም ሳያየው፣ 250 ይሆናል። ጠዋት ስትነሱ አፋችሁ ደርቋል፣ ሌሊት ለሽንት ተመላልሳችኋል፣ ምክንያቱ ግን አይገባችሁም። ፈጣን ኢንሱሊን ለሚወጋ ሰው ደግሞ ነገሩ ይወሳሰባል። መድኃኒቱ ጉልበቱ የሚበረታው ከተወጋ በኋላ ከ1 እስከ 2 ሰዓት ውስጥ ነው፣ ከ3 እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ ያልቃል። ስለዚህ መጀመሪያ ስኳሩ ሊወርድ፣ ኋላ ደግሞ መድኃኒቱ ካለቀ በኋላ ሊወጣ ይችላል። ይሄ የሚያጋጥማችሁ ከሆነ ልኬቶቻችሁን ሰዓት ሰዓቱን ጽፋችሁ ለሐኪማችሁ አሳዩ። መጠኑን ለሁለት ከፍሎ መውጋት ወይም በኢንሱሊን ፓምፕ በረዘመ ጊዜ መልቀቅ የሚባል መላ አለ፣ ግን የሚያዝላችሁ እሱ ነው።

ፒዛ የግድ ከሆነ ስሱን፣ አትክልት ወይም ዶሮ ያለበትን፣ ጠርዙ አይብ ያልተሞላበትን እዘዙ። ሰላጣ አስቀድሙና ሁለት ቁራጭ ላይ አቁሙ። ከተቻለ ደግሞ ለምሳ ይሁን፤ ከሰዓት በኋላ መለካትም መንቀሳቀስም ይቻላል።

የአበላል ቅደም ተከተልም ዋጋ አለው። ያንኑ ምግብ ሆኖ መጀመሪያ አትክልቱና ሥጋው፣ መጨረሻ ላይ ዳቦው ወይም ድንቹ ሲበላ ከምግብ በኋላ ያለው ስኳር ዝቅ ብሎ እንደሚታይ በጥናት ታይቷል። ገንዘብ አይጠይቅም፣ ሞክሩት። ከበላችሁ በኋላም ተነስታችሁ 10 ወይም 15 ደቂቃ በእግር ሂዱ። የሚንቀሳቀስ ጡንቻ ኢንሱሊን ሳይጠብቅ ግሉኮስ ከደም ይወስዳል። ጨውንም አትርሱ። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ይላል፤ አንድ የፋስት ፉድ ገበታ ግማሹን ሊጨርሰው ይችላል፤ ደም ግፊት አብሮ ላለበት ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

አሁን ወደ መለኪያው። በጣት ጠብታ የሚለካው ማሽን፣ እንደ አኩ ቼክ እና ዋንታች ያለው፣ ኢንሱሊን ለማይወጋ ሰው በቂ ነው ባይ ነኝ። ከመብላታችሁ በፊት አንዴ፣ ከመጀመሪያው ጉርሻ 2 ሰዓት በኋላ አንዴ ለኩ። እርጉዝ ላልሆኑ ለብዙ አዋቂዎች የሚሰጠው ግብ ከምግብ በፊት ከ80 እስከ 130፣ ከምግብ በኋላ ከ180 በታች ነው። የእናንተ ማሽን እንደ 7 ወይም 10 ያለ ትንሽ ቁጥር የሚያሳይ ከሆነ መለኪያው ሚሊሞል ነው፣ በ18 አባዙት። የናንተን ግብ ሐኪማችሁ ሊለውጠው ይችላል። ከአንዱ ቁጥር ይልቅ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ጻፉ፤ አንድ በርገር በ40 ሲያስነሳችሁ ሌላው በ110 ካስነሳችሁ የትኛውን እንደምትደግሙ ያኔ ታውቃላችሁ። ስኳር ሰው ከሰው ይለያያል፣ የኔ ቁጥሮች የእናንተን ደም አይተኩም።

ማሽን ስትገዙ ከማሽኑ በፊት ስትሪፑን፣ ማለትም የደም ጠብታው የሚነካበትን ቁራጭ፣ ጠይቁ። ሁልጊዜ ይገኛል ወይ? ዋጋው ይቻላል ወይ? ማሽን አንዴ ነው የሚገዛው፣ ስትሪፕ ግን ዕድሜ ልክ ነው። ደግሞ እጃችሁን ታጠቡ። ካቻፕ ወይም ለስላሳ የነካ ጣት ላይ የወጣ ደም የውሸት ከፍተኛ ቁጥር ያሳያል፣ በዚያ ቁጥር ኢንሱሊን መውጋት ደግሞ አደጋ ነው። ደረጃውን የጠበቀ ማሽንም እስከ 15 በመቶ ሊያዛንፍ ስለሚችል 160 እና 175 ላይ ጭንቀት አያስፈልግም።

ክንድ ላይ የሚለጠፈው ሴንሰር ሌላ ነገር ነው። ፍሪስታይል ሊብሬ 2 እስከ 14 ቀን፣ ዴክስኮም ጂ7 ደግሞ 10 ቀን ያገለግላል። ኢንሱሊን ለሚወጋና አቅሙ ለፈቀደ ሰው ያለ ጥርጥር ይሄን ነው የምጠቁመው። ያ የፒዛው ሌሊት በሴንሰር ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ሲወርድም ሲወጣም ማንቂያ ያሰማል። የሚለካው ግን ደሙን ሳይሆን ከቆዳ ሥር ያለውን ፈሳሽ ስለሆነ በጥቂት ደቂቃ ወደ ኋላ ይቀራል። ሰውነታችሁ የሚነግራችሁና ሴንሰሩ የሚለው ካልተስማማ ጣታችሁን ወግታችሁ አረጋግጡ።

መድኃኒት ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ። ሜትፎርሚን ብቻውን ስኳርን ከልክ በታች የሚያወርደው አልፎ አልፎ ነው። ኢንሱሊንና እንደ ግሊበንክላማይድ ያሉት ክኒኖች ግን ያወርዳሉ። ስለዚህ ምግብ በስልክ አዝዛችሁ «ደርሷል» ሲባል ፈጣን ኢንሱሊን እንዳትወጉ፤ አድራሹ መንገድ ሲዘጋበት፣ ትዕዛዙ ሲቀያየር እናንተ በባዶ ሆድ ትቀራላችሁ። ሳህኑ ፊታችሁ ይቅረብ፣ ከዚያ ውጉ። ዳቦውን አንስታችሁ ከሆነም ለዳቦው ጭምር የታሰበውን መጠን አትውጉ፤ ይህን ስሌት አስቀድማችሁ ከሐኪማችሁ ጋር ሥሩት።

ከተንቀጠቀጣችሁ፣ ላብ ላብ ካላችሁ፣ ልባችሁ ከመታ ለኩ። ከ70 በታች ከሆነ 15 ግራም ፈጣን ስኳር ውሰዱ፣ 15 ደቂቃ ጠብቁና ደግማችሁ ለኩ። ባለ 4 ግራሙ የግሉኮስ ክኒን አራት ፍሬ ይበቃል፤ ኪስ ውስጥ ስለሚገባና መጠኑ ስለሚታወቅ ከሁሉም እሱን እመርጣለሁ። ከሌለ ግማሽ ብርጭቆ መደበኛ ለስላሳ ወይም ጁስ። ያ ስናወግዘው የቆየነው ለስላሳ እዚህ ላይ መድኃኒት ነው፣ ዜሮው ግን ምንም አይረዳም። ቸኮሌትና በርገርም አይሆኑም፣ ቅባታቸው ስኳሩን ያዘገየዋል። አብሯችሁ ለሚበላው ሰውም አስቀድማችሁ ንገሩት፦ ራሴን ከሳትኩ አፌ ውስጥ ምንም አትጨምር፣ ግሉካጎን (የወረደ ስኳርን ከፍ የሚያደርግ የድንገተኛ መድኃኒት) ካለ ስጠኝ፣ በጎኔ አስተኛኝና አምቡላንስ ጥራ።