የኮሮላ ፍሪዝ ፕላግ ሞተር ሳይወርድ ይቀየራል?

ባለኮሮላ፦
ሰላም ወገን። የቆየች ኮሮላ አለችኝ። ማታ ራዲያተሩን ሞልቼ ጠዋት ጎድሎ አገኘዋለሁ። ፓምፑም ቱቦዎቹም ደህና ናቸው። ከስር ገብቼ በስልክ መብራት ሳይ ብሎኩ ላይ፣ በካቢኑ በኩል፣ ከማኒፎልዱ ስር ያለችው ፍሪዝ ፕላግ (የብሎኩን የውሃ ቀዳዳ የምትደፍነው ክብ የብረት ክዳን) ዝጋ ጠርዟ ያንጠባጥባል። እጅ ይገባል፣ መዶሻ አይወዛወዝም። ጋራዥ «ሞተር ካልወረደ አይሆንም» አሉኝ። በማጣበቂያ ብደፍነውስ?

ጋሽ ቡሶላ፦
ልጄ፣ ማጣበቂያውን ተወው። ዝገት ላይ አይዝም፤ ሞተሩ ሲግል ግፊቱ ይገፋዋል። ሞተርም አታስወርድ። ውሃውን አፍስስ፣ የፊት ጎማውንና የውስጡን ፕላስቲክ ፍታ። አሁንም ከጠበበ ሞተሩን የሚይዘውን የአንዱን ጎን ሱፖርት ፈተህ፣ ከኮፓው (ከዘይት መያዣው) ስር እንጨት አድርገህ በክሪክ ትንሽ ከፍ አድርገው። የምታገኘው ሁለት ጣት ቦታ ነው፣ ግን ይበቃል።

አሮጌዋን መሃሏን አትምታ፣ ወደ ውስጥ ትገባብሃለች። በካቻቢቴ ጠርዟን በአንድ በኩል ብቻ ነካ ነካ ስታደርጋት ትገለበጣለች፤ ያኔ በፒንሳ ጎትተህ አውጣት። ቀዳዳውን በብርጭቆ ወረቀት አጥራው፤ ሥራው ሁሉ እዚህ ላይ ነው። ትንሽ ዝገት ከቀረ አዲሷም ታፈሳለች። ስስ ሲሊኮን ቀብተህ፣ ሳህን የሚመስለውን ጎድጓዳ ጎን ወደ ውጭ አዙረህ፣ ውስጧ ልክ የሚገባ ቡሶላ (የቡሎን መፍቻ ራስ) ከረጅም ማስረዘሚያ ጋር አድርገህ በጎማው በኩል ምታ። አንድ ሰው ቡሶላውን ቀጥ አድርጎ ይያዝልህ።

የሰሚት ልጅ፦
እኔ ቡሎን ሲጠብቅ የሚለጠጠውን የላስቲክ ፕላግ ነው የገጠምኩት። መዶሻ የለ፣ ጭቅጭቅ የለ።

ጋሽ ቡሶላ፦
ለጊዜው፣ ለመንገድ ጥሩ ነው። ጭስ ማውጫው አጠገብ ከሆነ ግን ላስቲኩ ይደርቃል።

ባለኮሮላ፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። መጠኗን አሮጌዋን ለክቼ ልግዛ?

ጋሽ ቡሶላ፦
አሮጌዋ ስትወጣ ትጣመማለች፣ አትመናት። የጸዳውን ቀዳዳ በካሊፐር ለካ። ፕላጓ ከቀዳዳው በጥቂቱ መስፋት አለባት፤ በጣት ከገባች መልሳት። የነሐስ ካገኘህ እሱን ውሰድ፣ አይዝግም። ሌሎቹንም በካቻቢቴ ጫፍ ጫን ጫን አድርገህ እያቸው፤ አንድ ውሃ ነው የጠጡት። አዲስ አበባ ላይ በረዶ አይደለም የሚበላቸው፣ የቧንቧ ውሃ ነው። ስትጨርስ ኩላንት (ዝገት የሚከላከለውን የራዲያተር ፈሳሽ) ሙላበት፣ አየሩን አስወጣ፣ ፋኑ እስኪነሳ አስነስተህ ከስር ተመልከት።

ባለኮሮላ፦
እሺ ጋሼ። ቅዳሜ እጀምራለሁ። ሲኤምሲ አካባቢ ካሊፐር የሚያውሰኝ አለ?